ጋሽ ቀስ በሉ የዘጉት ክዳን

አሲድ ፋብሪካ ውስጥ ሰው ስም የሚወጣለት በአፉ አመል ነው። እሳቸው ከጎልማሳነታቸው ጀምሮ ቫልቭ ሲከፈት «ቀስ በሉ!»፣ በርሜል ሲንከባለል «ቀስ በሉ!»፣ ሰው ደረጃ ሲወርድ «ኧረ ቀስ በሉ!» ሲሉ ኖረው፣ እናት አባት ያወጡላቸውን ስም ከደመወዝ ክፍል በስተቀር የሚያስታውሰው ጠፋ። ጋሽ ቀስ በሉ ሆነው ቀሩ። ባለቤታቸው እንኳ ስትናደድ፣ «ይህ ሰውዬ ሲወለድም ቀስ ብሎ ነው፤ እናቱን ሦስት ቀን ያስጨነቀ!» ትላለች።

ፍርሃታቸው ግን ከመሬት ተነሥቶ የመጣ አይደለም። ፋብሪካው የሚያመርተው ሰልፈሪክ አሲድ ነው። ቢጫው ድኝ መጋዘኑ ፊት ለፊት እንደ እህል ክምር ተቆልሎ ይውላል፤ በእንፋሎት ይቀልጣል፣ እቶን ውስጥ ይነድዳል፣ ጭሱ በትልቅ ነፋሻ ማሽን እየተገፋ ካታሊስት የሚሉት ማፋጠኛ በተነጠፈበት ማማ ውስጥ ያልፋል። መጨረሻ ላይ ሌላ ማማ ውስጥ አሲድ ራሱ ይውጠዋል። አዲስ የተቀጠረ ሰው ሁሉ «ለምን ውሃ አይውጠውም?» ብሎ ይጠይቃል፤ ጋሽ ቀስ በሉም ይህቺን ጥያቄ ይወዷታል። «ውሃ ካገኘ ጉም ይሆናል፤ ጉም ደግሞ በምን ይያዛል? ይህን ነገር የሚችለው የገዛ ወንድሙ ብቻ ነው» ይላሉ። ውሃው ኋላ በማሽን፣ በልክ በልኩ ይጨመራል። በእጅ የሚቀላቀል ከሆነ ግን ሕጉ አንድ ነው፤ «ቁጡው ወደ ዝምተኛው ቤት ይግባ እንጂ ዝምተኛው ወደ ቁጡው ቤት አይግባ!» አሲዱ ወደ ውሃው ይፈሳል እንጂ ውሃው አሲዱ ላይ አይፈስም ማለታቸው ነው። የተገላቢጦሽ ከሆነ ፈልቶ ሰው ፊት ላይ ይተፋል።

ከዚያ ግቢ የሚወጣው ቦቴ ማዳበሪያ ፋብሪካ ይሄዳል፣ ሳሙና ፋብሪካ ይሄዳል፣ ቆዳ ፋብሪካ ይሄዳል። የመኪና ባትሪ ውስጥ ይገባል፣ የቧንቧ ውሃ ማጥሪያም ይሠራበታል። «ያለ እኛ ገበሬው አያመርት፣ ሰው ልብሱን አያጥብ፣ መኪናም አይነሣ» እያሉ ይኮራሉ። ነገር ግን ኩራታቸው ከፍርሃታቸው በልጦ አያውቅም። አሲዱ ሲታይ እንደ ዘይት ወፈር ያለ፣ ጨዋ የመሰለ ነገር ነው፤ ክብደቱ ግን ሌላ ነው፤ ጀሪካኑን እንደ ውሃ ጀሪካን ላንሣ ያለ ወገቡን ይዞ ይቀመጣል። ስኳር ላይ ጠብ ቢል ስኳሩ ይጠቁርና ተነፍቶ ከሰል ይሆናል። ውሃ የጠማው ፍጥረት ነውና ከየትም ከየትም መጦ ያወጣል። ሱሪ ላይ ያረፈች ጠብታ ደግሞ ዕለቱን አትታይም፤ ሱሪው ታጥቦ ሲሰጣ ነው ቀዳዳ ሆና ብቅ የምትለው።

ቀዳዳውን የምትጥፈው ልጃቸው ናት። አንድ ናት፣ ሌላ የላቸውም። ከዋናው መንገድ ገባ ብላ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ አንድ የስፌት መኪና፣ አንድ ካውያና አንድ ረጅም መስታወት ይዛ ልብስ ትሰፋለች። መርፌ መያዝ የተማረችው በአባቷ ሱሪ ላይ ነው።

ታዲያ አንድ ቀን ጋሽ ቀስ በሉ በፋብሪካው ግቢ ሲያልፉ፣ ተንበርክኮ የሚበይድ ሰው ጉልበት ላይ አንድ ጥፍ አዩ። ዳር ዳሩ በሰማያዊ ክር ሁለት ጊዜ የተመታ፣ ማዕዘኑ ክብ የሆነ ጥፍ ነው። ያንን እጅ ያውቁታል፤ ያን ሰዓት የለበሱት ሱሪ ላይም አለ።

«ይህን ማን ጣፈልህ?» አሉት።

«ልብስ ሰፊ ናታ፣ ጋሽዬ» አለ በያጁ ዓይኑን ሰበር አድርጎ።

ያስደነገጣቸው የዓይኑ መሰበር ነው። ልብስ ለማስጠገን ብቻ የሄደ ሰው ዓይኑን አይሰብርም።

ባለቤታቸው ይህን ስትሰማ በሳቅ ፈረሰች። «አባትየውን አሲድ እየበሳው፣ በያጁን እሳት እየበሳው፣ ልጄ መሐል ተቀምጣ ስትጥፍ ልትኖር ነው!» አለች። ሳቋ ግን ወደ እሳቸው አልተጋባም።

በያጁ ክፉ ሰው አይደለም፤ ይህን እሳቸውም አይክዱም። ችኩል ነው። «ትንሽ ናት» ይልና ጭንብሉን ሳያወርድ ዓይኑን ጨፍኖ አንድ ሁለት ነጥብ ይበይዳል። መሰላል ሲወርድ ሁለት ሁለቱን ነው። እያፏጨ ይሠራል፣ እያፏጨ ይበላል ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ጋሽ ቀስ በሉ ልጃቸውን አስቀምጠው፣ «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ የእኛ ቤት ዕቃ ደግሞ ከፈሰሰ አይለቀምም። ራሱን የማይጠብቅ ሰው አንቺን እንዴት አድርጎ ይጠብቅሻል?» አሏት።

«አባዬ፣ አንተ እኮ ስትጠብቀኝ ብስክሌት እንኳ ሳልነዳ አረጀሁ» አለቻቸው።

እውነቷን ነው። ሠርጉም ክረምቱ ሲወጣ እንዲሆን ተቆረጠ። እሳቸውም «እምቢ» አላሉም፣ «እሺ»ም አላሉም። በየቀኑ ግን አንድ አዲስ የሚያስፈራ ነገር እያመጡ ማዕዱ ላይ ያስቀምጡ ነበር።

አሁን ወደ ነገራችን እንግባ። ቁጥር ሁለት ታንክ ከመውጫ አፉ ሥር ላብ የመሰለ ነገር ይወዛ ጀመር። አሲድን በብረት ታንክ ማስቀመጥ ለማያውቅ ሰው እብደት ይመስለዋል። ነገሩ ወዲህ ነው። ብርቱው አሲድ ብረቱን ሲነካ ስስ ቅርፊት ያበጅለታል፤ ያ ቅርፊት ብረቱን ይጠብቀዋል። ብረት የሚበላው ሲቀጥን ነው። ውሃ ገብቶበት የደከመ ዕለት ቅርፊቱ ይሟሟል፤ ያኔ አሲዱ ብረቱን እየበላ ሽታም ቀለምም የሌለው ጋዝ ይተነፍሳል። ሃይድሮጂን ይሉታል። አንዲት ብልጭታ ካገኘ ታንኩን ከነክዳኑ ሰማይ ያደርሰዋል። ስለዚህ የታንክ ጠባቂ ሁሉ የመጀመሪያ ትእዛዝ «ክዳኑን ዝጋ፣ ዝናብ አታስገባ» የሚል ነው። ጋሽ ቀስ በሉ፣ የታንክ ጠባቂ ናቸውና፣ ይህን ትእዛዝ በሕልማቸውም ይፈጽሙታል፤ ተኝተው ሳሉ የሚስታቸውን አፍ በእጃቸው የከደኑበት ሌሊት እንዳለ እሷው ራሷ ትመሰክራለች።

የታንኩ አሲድ ተንቆርቁሮ ወጣ። ታንኩ በላስቲክ ቱቦ ውሃ ታጠበ፣ ደጋግሞ ታጠበ። የፋብሪካው ኢንጂነር፣ ወጣት ብትሆንም ነገር የማታሳልፍ ሰው ናትና፣ የጋዝ መለኪያዋን በላይኛው ክዳን አስገብታ ለካች፤ ንጹሕ ሆነ። «ነገ ጠዋት በያጁ የተበላውን ቦታ ቆርጦ ያወጣዋል» አለች። «ሥር የቀረው እጣቢ ግን አሲዱን የሚገድለው ሶዳ እስኪመጣልን ብረቱን መብላቱ አይቀርም። ክዳኑም መተንፈሻ ቱቦውም ክፍት ይደሩ፤ ጋዙ ይውጣ። ዝናብ ቢገባበትም ግድ የለም።»

ጋሽ ቀስ በሉ አጠገቧ ቆመው ነበር። ጆሯቸው ሰምቷል፤ እጃቸው ግን አልሰማም።

አመሻሹ ላይ ሥራ ጨርሰው ወደ በሩ ሲያመሩ ሰማዩ ጠቆረ፣ ነጎድጓድ አጉረመረመ። ቀና ሲሉ የቁጥር ሁለት ክዳን ክፍት ነው! አሲድ ታንክ ክፍት፣ ዝናብ ከላይ! እግራቸው ራሱ መለሳቸው። መሰላሉን አንድ በአንድ ወጥተው ክዳኑን ጠረቀሙት፣ ብሎኑን አጠበቁት፤ የመተንፈሻውን አፍ ደግሞ በላስቲክ ሸፍነው በገመድ ጠፍረው አሰሩት። ማንም አላያቸውም። እሳቸውም ለማንም አልተናገሩም፤ ሰው የሸሚዙን ቁልፍ ቆልፌአለሁ ብሎ ለጎረቤት ያወራል እንዴ?

ቤት ሲደርሱ እናትና ልጅ ለሠርጉ የመጣ ነጭ ጨርቅ ዘርግተው ይለካሉ። ጋሽ ቀስ በሉ ጨርቁን ሲያዩ ሆድ ባሳቸው፤ ምላሳቸውም አምልጧቸው፣ «ከዚህ ሰው የሚገላግለኝ ነገር በመጣ!» አሉ። ልጅቷ ቀና ብላ አየቻቸውና ወደ ልኬቷ ተመለሰች። ሌሊቱን ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ይነቁና «እንኳን ዘጋሁት» ብለው መልሰው ይተኛሉ። እንዲያ ያለ ሰላማዊ እንቅልፍ ከተኙ ብዙ ጊዜያቸው ነበር።

ማግስቱ የዕረፍት ቀናቸው ነው። መብራት ሲጠፋ የሚጠቀሙባት አሮጌ የመኪና ባትሪ ደክማ ነበርና ተሸክመዋት ጥግ ላይ ወዳለው ባትሪ ሞይ ቤት ሄዱ። ወለሉ ጠቁሯል፤ ባትሪዎች ተደርድረው፣ ቀይና ጥቁር ሽቦ ነክሰው ይሞላሉ። የሁሉም ቆብ ተከፍቷል። ውስጣቸው ቡልቅ ቡልቅ ይላል።

«እነዚህን ክፍት የምትተዋቸው ቆሻሻ አይገባባቸውም?» አሉ እንደ ልማዳቸው።

«ጋሼ፣ ሲሞላ ይተነፍሳል እኮ!» አለ ባትሪ ሞይው። «ባለፈው አንዱ ቆቡን ጠርቅሞት ሄዶ፣ ሽቦው ብልጭ ሲል እንደ ቦምብ ጮኸ። ያንን ግድግዳ አያዩትም?»

አዩት። ከወለሉ እስከ ጣሪያው የተረጨ፣ ቀለሙን የበላው ጠባሳ አለ። ዓይናቸው ከግድግዳው ወደ ቡልቅታው፣ ከቡልቅታው ወደ ተከፈተው ቆብ ሄደ። ከዚያ የገዛ እጃቸውን አዩ። ክው አሉ። «ጠርቅሞት ሄዶ» የምትለዋ ቃል ብቻ ጆሯቸው ውስጥ ቀረች።

የታጠበ ታንክ፣ የቀጠነ አሲድ፣ የተጠረቀመ ክዳን፣ የታሰረ መተንፈሻ፣ ሙሉ ሌሊት። እና በያጁ፣ ዛሬ ጠዋት፣ በእሳት።

«ጋሼ፣ ምነው? ይቀመጡ!» ሲል ባትሪ ሞይው፣ እሳቸው ስልካቸውን ለማውጣት ከኪሳቸው ጋር ይታገላሉ። ፋብሪካው ውስጥ ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ነው፤ የኢንጂነሯም የበያጁም ስልክ በሩ ላይ ሳጥን ውስጥ ተቆልፏል። የሚገኘው የበሩ ጥበቃ ብቻ ነው። እሱ ደግሞ አፉ ለጨዋታ እንጂ ጆሮው ለቁም ነገር አልተፈጠረም።

«ጋሽ ቀስ በሉ! ዛሬስ ዘግይተው ደወሉ!» አለ ገና ሲያነሣው። እውነቱን ነው፤ በየዕረፍት ቀናቸው እየደወሉ «ሦስት ቁጥር ቫልቭ ተዘግቷል?»፣ «ቱቦው ተጠቅልሏል?» ሲሉ ነው የኖሩት።

«በያጁን አስቁምልኝ! አሁኑኑ! እሳት እንዳይለኩስ በለው!»

ጥበቃው ሳቁን ለቀቀው። «ኧረ ጋሽዬ፣ ሰውየውን ይተዉት እንጂ! ልጅቷ አንዴ ወዳዋለች፤ ሥራ ቢያስፈቱት ሠርጉ ይቀራል መሰለዎት?»

«ስማኝ! ታንኩን ዘግቼዋለሁ! ጋዝ አለው!»

«እሺ፣ እሺ፣ እነግረዋለሁ። ቆይ፣ ቦቴ መጣ፣ በር ልክፈት» አለና ዘጋባቸው። መልሰው ደወሉ፤ አይነሣም። አሁንም ደወሉ። ሰው ሁሉን ቀን ከፈራ፣ እውነተኛው ፍርሃት የመጣ ዕለት የሚያምነው ያጣል። ይህን የዚያን ዕለት ተረዱት፤ ለመማሪያ የሚሆን ቀን ግን አልነበረም።

ባትሪዋን ጥለው ወጡ። ሚኒባስ ውስጥ ገቡ። በሌላው ቀን «ሹፌር፣ ቀስ በል፣ የሰው ነፍስ ነው የያዝከው» የሚሉት ሰውዬ፣ ዛሬ ከኋላ ወንበር «ንዳው! ንዳው እንጂ! ምን ይዞሃል?» ይላሉ። ረዳቱ ዞሮ አያቸውና «አባት፣ ምጥ ነው እንዴ?» አላቸው። ተሳፋሪው ሳቀ። ጋሽ ቀስ በሉ ሳቁን አልሰሙትም። እሳቸው የሚሰሙት የራሳቸውን ድምፅ ነው፤ «ከዚህ ሰው የሚገላግለኝ ነገር በመጣ!» ይላል። ያልኩት ሊመጣ ነው? ይላሉ በልባቸው። እጄ ነው ያመጣው? ሰው ቢሞት አገሩ ሁሉ «አልወደደውም ነበር፣ አውቆ ነው» ይለኛል። አገሩስ ይበል፤ ልጄ ምን ትለኛለች? ደግሞስ እኔ ራሴ ለራሴ ምን እላለሁ? እውነት ዝናቡን ብቻ ፈርቼ ነው የወጣሁት? ዝናቡን ብቻ ነው፣ ይላሉ። መልሰው ደግሞ ይጠይቃሉ። መኪናው ሰው ለማውረድ ሲቆም፣ ቆመው የሚወርደውን ሰው በትከሻው ገፉት።

በሩ ላይ ደረሱ። ጥበቃው «ጋሽዬ፣ ልነግረው ስል…» ሲል አልፈውት ገቡ። ከዚያ ሆነው የታንኩ ጣሪያ ይታያል። ትናንት መተንፈሻው ላይ ጠፍረው ያሰሩት ላስቲክ ተነፍቶ፣ ተወጥሮ፣ እንደ ኳስ ቆሟል። ታንኩ ሥር ላለ ሰው ይህ አይታየውም። ታንኩ ሥር ደግሞ በያጁ ቁጢጥ ብሏል፤ ጭንብሉ ግንባሩ ላይ ነው፣ በአንድ እጁ የጋዝ መቁረጫውን፣ በሌላ እጁ ላይተሩን ይዟል። ኢንጂነሯ ጥቂት ራቅ ብላ ቆማለች፤ ከሚቆረጠው ቦታ አጠገብ ለክታ ንጹሕ ሆኖላታል። ጋዙ ቀላል ነውና ያለው ላይ ነው፤ ላዩ ደግሞ ክፍት እንዳደረ ነው የምታውቀው።

ጮኹ። ነፋሻው ማሽን ጩኸታቸውን ዋጠው። እጃቸውን አወናጨፉ፤ ያያቸው የለም።

ያኔ ሮጡ።

ጋሽ ቀስ በሉ በዚያ ግቢ ሮጠው አያውቁም። ዝናብ ሲመታቸው አልሮጡም፣ የደወል ሰዓት ሲያልፍባቸው አልሮጡም። አሁን ግን ኮፍያቸው ወድቆ፣ አንድ ጫማቸው ወልቆ፣ እግሬ አውጪኝ ብለው ይበራሉ። መጀመሪያ ያያቸው ፓምፕ ላይ የነበረ ሰው ነው፤ ምንም ሳይጠይቅ ቁልፉን ጥሎ ሮጠ። እሱን ያዩ ሁለት ሰዎች ሮጡ። ጋሽ ቀስ በሉ ከሮጡ የሚጠየቅ ነገር እንደሌለ ሁሉም በአንድ ጊዜ ገባው። በያጁ ቀና አለ። ሰውዬውን አየ፣ ግቢው ሲበተን አየ፣ አውራ ጣቱ ላይተሩ ላይ እንደነበረ ደርቆ ቀረ። ከዚያ ላይተሩን ኪሱ ከቶ፣ የሲሊንደሩን ጋዝ ዘግቶ፣ ኢንጂነሯን በክንዷ ይዞ ወደ አጥሩ ሮጠ። ጋሽ ቀስ በሉ ታንኩ ዘንድ አልደረሱም፤ መሐል ግቢ ላይ በጉልበታቸውና በደረታቸው ወደቁ።

ነፋሱ የላስቲኩን ገመድ እስኪያላቅቀው ድረስ ማንም አልቀረበም። ኢንጂነሯ ኋላ ብቻዋን ወጥታ፣ ብልጭታ በማይወጣው የነሐስ ቁልፍ ብሎኑን ቀስ እያለች ፈትታ መለኪያዋን ስታስገባ፣ መሣሪያው ጩኸቱን አቀለጠው። ወርዳ አንዲት ቃል ብቻ ጠየቀች። «ማን ዘጋው?»

ሰው እርስ በርሱ ተያየ።

«እኔ» አሉ ጋሽ ቀስ በሉ። «ዝናብ መጣና… እኔ ነኝ።»

ብትቆጣቸው ይሻላቸው ነበር። «ስለ እሱ ሌላ ቀን እንነጋገራለን፤ አሁን ቤትዎ ይግቡ፣ ጉልበትዎ ይደማል» አለቻቸው። በያጁ ኮፍያቸውንና ጫማቸውን ለቅሞ አመጣላቸው። አላፏጨም። ፊቱ አመድ መስሎ ነበር።

ማታ ራት ከቀረበ በኋላ ራሳቸው ተናገሩ። ባለቤታቸው ሌላ ጊዜ ቢሆን «የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል» ብላ ትስቅባቸው ነበር፤ የዚያን ዕለት ግን እጇን አፏ ላይ ጭና ቀረች። ልጃቸው የምትሰፋውን ነጭ ጨርቅ አስቀመጠች። መርፌውን ሰካችና፣ «አባዬ» አለች፤ «አውቀህ ነው?»

ሊመልሱ አፋቸውን ከፈቱ። «አይደለም» የምትል ቃል ነበረቻቸው፤ መኪናው ውስጥ ስንት ጊዜ ለራሳቸው ብለዋታል። ልጃቸው ፊት ግን አልወጣ አለች። የሚያስፈራቸው ነገር ሁሉ ሲሰለፍ ይህን የሚያህል አልነበረም፤ ልጃቸው ልትጠይቃቸው መቻሏ። «ዝናቡ ነው» አሉ በመጨረሻ፣ ቀስ ብለው። ልጅቷ ነጠላዋን አንሥታ ወጣች። ወዴት እንደሄደች አልጠየቁም፤ ያውቃሉ፣ በያጁ ዘንድ ነው። እስክትመለስም በሩ ላይ ቆመው ጠበቁ፤ ስትመለስ ደህና እደር እንኳ አላለቻቸውም።

በማግስቱ ታንኩ በሶዳ ታጠበ፣ ክዳኑ ተከፍቶ ቀኑን ሙሉ አየር ሲነፋበት ዋለ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ኢንጂነሯ ከላይ ለካች፣ ከመሐል ለካች፣ ከሥር ለካች። ሰው ራቅ ብሎ ቆመ። መቆረጥ ያለበት ብረት አሁንም መቆረጥ አለበት፤ የሰው ሆድ ስለተላወሰ ብረት ራሱን አይጠግንም።

«ጀምር» አለች ኢንጂነሯ።

በያጁ መቁረጫውን አነሣ፤ ላይተሩን ግን አላወጣም። ዞሮ ዞሮ ጋሽ ቀስ በሉን ፈለጋቸው። ከሰው ሁሉ ኋላ ቆመው አገኛቸው።

«ጋሽዬ፣ እርስዎ ለኩስ ካላሉኝ አልለኩስም» አለ።

«ኢንጂነሯ ፈቅዳልሃለች እኮ።»

«የእሷን ሰምቻለሁ። የእርስዎን ነው የምጠብቀው።»

ልጃቸው የጠየቀቻቸውን ጥያቄ ይህ ሰው ሰምቶታል፤ ዓይኑ ላይ አዩት። ቂም አይደለም። ፍርሃት ነው፣ እሳቸው ዕድሜ ልካቸውን የተሸከሙት ዓይነት፤ በያጁ ዛሬ ገና ያወቀው። «ተው»፣ «ቆይ»፣ «ቀስ» የሚሉ ቃላት ሁሉ በጋሽ ቀስ በሉ አፍ ሞልተዋል፤ የተጠየቁት ግን ሌላ ቃል ነው። ቢሳሳቱስ? መለኪያው ቢሳሳትስ? የሆነ ጥግ የቀረ ነገር ቢኖርስ? እየተጎተቱ ወደ ታንኩ ሄዱ። ብረቱን በመዳፋቸው ነኩት፤ ቀዝቃዛ ነው። ጆሯቸውን ለጠፉበት፤ የአየሩ ሹክሹክታ ብቻ ይሰማል።

«ለኩስ ይበሉኝና ወደዚያ ራቅ ይበሉ» አለ በያጁ።

«አልርቅም።»

ከአጠገቡ ቁጢጥ አሉ። የቆሰለው ጉልበታቸው ተንቋቋ። ትከሻቸው ትከሻውን ነካ። ኢንጂነሯ «ጋሽዬ፣ ይነሡ እንጂ!» ብላ ተጣራች፤ አልተነሡም።

«ለኩስ፣ ልጄ» አሉ። ድምፃቸው ስላልወጣ ደገሙት። «ለኩስ።»

በያጁ ጭንብሉን አወረደና ለኮሰ። ሰማያዊዋ እሳት ፊሽ ብላ ወጣች፣ ብረቱ ቀላ፣ ፍንጣሪው መሬት ላይ ተበተነ። ጋሽ ቀስ በሉ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ የተበላው ቁራጭ ተቆርጦ እስኪወድቅ ድረስ ከዚያ አልተነሡም።